ማሽኑ የማያውቃቸው ልጆች

ታኅሣሥ አንድ ቀን፣ ረቡዕ፣ ሐሚዳ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የክሊኒኩን ካርድ ክፍል ከፍታ ገባች። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ገና አልመጣችም። አንድ ወር አልቆ ሌላው ሲገባ እንዲህ ናት፤ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትመጣለች፣ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፣ ኮምፒውተሩን ታበራለች። ከስክሪኑ ጥግ ያለው ቀን 3/31/2018 ይላል። ኅዳር ሠላሳ አንድ መሆኑ ነው፤ እንዲህ የሚባል ቀን ደግሞ በዚህ አገር ኖሮ አያውቅም። ሐሚዳ ሦስቱን አራት፣ ሠላሳ አንዱን አንድ አደረገችና ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። የወሩ ወንጀል በሰላም ተፈጸመ።

ሲጀመር ወንጀል አልነበረም። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ይህ የሕፃናት ክሊኒክ ቦሌ ቡልቡላ ላይ ሲከፈት ዙሪያው ጭቃና የድንጋይ ክምር ነበር፤ ከኮንዶሚኒየሞቹ ግማሾቹ ገና መስኮት አልገባላቸውም። ሐሚዳ ካርድ አውጪ ሆና ተቀጠረች። የልጆቹ ካርድ በየቀኑ ይጠፋል፣ እናቶች ይቆጣሉ፣ ነርሶች እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ነገሩ ዕረፍት ነሳት። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ የፕሮግራም መማሪያ ገዝታ፣ በታክሲ እያነበበች፣ በምሳ ሰዓት እየሞከረች፣ በስድስት ወር ውስጥ የክትባት መዝገብ ፕሮግራም ጻፈች። ልጁ መቼ እንደተወለደ ይነገረዋል፤ የትኛው ክትባት በየትኛው ቀን እንደሚደርስ አስልቶ ቀጠሮ ያትማል። ሰው ሁሉ ጉድ አለ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት። የቡልቡላ እናት ልጇን የወለደችው መስከረም ዘጠኝ ነው፤ ሴፕቴምበር ምናምን ቢሏት አትሰማም፤ ቀጠሮውም በአበሻ ቀን ካልተጻፈላት አትመጣም። ማሽኑ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ሐሚዳ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ነገር ልትጽፍ ሁለት ሳምንት ታገለች። ጳጉሜ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትደናቀፋለች። በመጨረሻ ተናደደችና የኮምፒውተሩን ቀን ራሱን በአበሻ ሞላችው። መስከረምን ወር አንድ፣ ጥቅምትን ወር ሁለት አለችው፤ ዓመቱንም ወደ ኋላ ጎተተችው። ፕሮግራሙን ከማስተማር ማሽኑን መዋሸት ቀለላት። ከዚያ ወዲህ ያ ኮምፒውተር ከዓለም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ይኖራል፤ ጥጉ ላይ የሚታየው ዓመት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካላንደር ጋር አንድ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም።

ውሸት ግን ጥገና ይፈልጋል። የፈረንጁ ወር ሠላሳ አንድ ሲደርስ እሷ ቀኑን ማስተካከል አለባት። ሁለተኛው ወራቸው አጭር ስለሆነ ጥቅምት ሠላሳ የሚባል ቀን ማሽኑ አይቀበልም። ጳጉሜንማ ጭራሽ ሰምቶት አያውቅም። በነዚያ ቀናት የተወለዱትን ልጆች ማሽኑ በሚቀበለው የቅርብ ቀን ትመዘግባቸውና እውነተኛውን ቀን ሰማያዊ ደብተር ላይ በእጇ ትጽፋለች፤ ቀጠሯቸው ሲደርስ በራሷ ስልክ ለእናቶቻቸው ትደውላለች። አርባ አንድ ልጆች አሉ። የደብተሩ ሽፋን ላይ «ማሽኑ የማያውቃቸው» ብላ በእስክሪብቶ ጽፋበታለች።

ፕሮግራሙ ሌላም ጠባይ አለው። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ከመዝገቡ ይወጣል፤ ያኔ ማሽኑ አሮጌና ጠባብ ስለነበር እንዲህ ካልተደረገ ሞልቶ ይቆም ነበር። በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። የሁሉንም ዕድሜ ያያል፣ ያለፋቸውን ይሰርዛል፣ ስማቸውን አንድ ጊዜ ያሳያል፣ አለቀ። ሐሚዳ ይህን የፕሮግራሙን ክፍል «ምረቃ» ብላዋለች። የሐይቅ ልጅ ናት፤ ወሎዬ ደግሞ ሳይመርቅ ማንንም አይሸኝም። ጠዋት ጠዋት ስማቸው ሲወጣ መዳፏን ዘርግታ «ያሳድጋችሁ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ» ትላቸዋለች። ልጆቹ ያን ጊዜ ቤታቸው ቁርስ አልበላም እያሉ ነው።

ይህ ሁሉ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሰላም ነበር። አሁን ግን ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት መጣባት።

አንደኛው ወረቀት ነው። ሰኞ የፈቃድ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉና ሠራተኛ ሁሉ የትምህርት ማስረጃውን ያምጣ ተባለ። ሐሚዳ የላትም። ወጣት ሳለች ከሐይቅ መጥታ አንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር ትማር ነበር፤ አንድ ሴሚስተር ሲቀራት አባቷ ታመሙና ልታስታምም ወረደች። አባቷ ዳኑ። ስትመለስ ግን ኮሌጁ ተዘግቶ በሩ ላይ የሶፋ መሸጫ ማስታወቂያ ተሰቅሎ አገኘች። ከዚያ ኤርፖርት ካርጎ ዕቃ መዝጋቢ ሆና ሰባት ዓመት ሠራች፤ እዚህ ስትቀጠር «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ላይ «ኮሌጅ፣ ኮምፒውተር» ብላ ሞላች። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። በክሊኒኩ የተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ «ማስረጃ የሌለው ሠራተኛ መዝገብ ክፍል ሊመደብ አይችልም» የሚል መስመር አለ። ሐሚዳ ያን መስመር በቀን አምስት ጊዜ ታነበዋለች፤ ባነበበችው ቁጥር የሚለወጥ ይመስል።

ሁለተኛው ሣባ ናት። ሣባ ክሊኒኩ ኢምፔሪያል አካባቢ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው ተብሎ የተቀጠረች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ የሐሚዳ ፕሮግራም በሁለቱም ቦታ እንዲሠራ ማድረግ አለባት። ይህንንም ብቻዋን አትሠራውም። ኮድ የሚያነብ፣ የሚያስረዳ፣ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አምጥታለች። «ዐሥራ ሁለት ዓመት የተጻፈውን በሁለት ደቂቃ ያነበዋል» ብላ ትናንት ነግራታለች። የሷን ዐሥራ ሁለት ዓመት ያነበበ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ራሷም ሁሉንም ደግማ አላነበበችውም።

ሦስት ሰዓት ላይ ሣባ መጣችና በሐሚዳ ወንበር ተቀመጠች። ፕሮግራሙን ዘጋችው። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ገብቶለት አያውቅም ነበር፤ ገመዱን የሳበችለት ትናንት ናት።

«በቃ አሁን ተርሚናል ላይ እጭነዋለሁ» አለች።

የክትባት ክፍሏ ሲስተር ኣብርሀት የበረዶ ሣጥኗን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች። «ምኑን ነው የምትጭኚው? ኤርፖርት ልትሄጂ ነው እንዴ?»

«ኖ ሲስተር! ይሄ ጥቁሩ መስኮት ነው ተርሚናል የሚባለው። ረዳቱ እዚህ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሥዕል የለውም፣ በተን የለውም፤ እየጻፉ ነው የሚያዙት።»

«እኔ ደግሞ ሐሚዳ ወደ ካርጎ ተመለሰች ብዬ ደንግጬ!» ብላ ሲስተር ሳቀች። ሐሚዳም ልትስቅ ሞከረች።

ወዲያው የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ኣርያም በኮሪደሩ አለፉ። ቀጭን ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፣ ቆመው አያወሩም። «ሐሚዳ፣ ወረቀትሽ?»

«ነገ አመጣዋለሁ ዶክተር።»

«ትናንትም ነገ ብለሽኝ ነበር» አሉና ሄዱ። ሐሚዳ ጀርባቸውን እያየች ቆመች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ሣባ አንድ ረጅም መስመር ገልብጣ ጥቁሩ መስኮት ውስጥ አስገባች። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ደገመችው፤ ያው ቀይ። ገመዱን ነቅላ ሰካች፤ ያው። ሐሚዳ መነጽሯን እየወለወለች ከኋላዋ ቆማለች። ሦስት ጊዜ ወለወለችው።

«ምን ይላል?»

«ሰርተፍኬት ይላል» አለች ሣባ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ሰርተፍኬቱ ቫሊድ አይደለም ነው የሚለው።»

ሐሚዳ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዘች። ገና ሳይገባ! ገና በሩ ላይ ሳለ ወረቀቷን ጠየቀ! ይህ ነገር ዓለምን ሁሉ ያነበበ ነው ብለዋታል፤ የተዘጋ ኮሌጅ ቢያውቅ ምን ይገርማል? የሷ ስም የፕሮግራሙ ራስጌ ላይ አለ፤ ያን አይቶ ይሆናል፤ አጣርቶ ይሆናል። አሁን ሣባ ለዶክተር ትነግራለች፤ ከዚያ ሰኞ፤ ከዚያ ይህ ወንበር፣ ይህ መስኮት፣ እነዚህ ካርዶች። ከሰው አፍ ከሚሰማ ራሷ ብትናገር ይሻላታል።

«ሣባዬ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «የለኝም እኮ። አልጨረስኩም። አንድ ሴሚስተር ነበር የቀረኝ።»

ሣባ ዞረች። «ምኑን?»

«ወረቀቱን ነዋ። አሁን የጠየቀሽን። ሰርተፍኬቱን።»

ሣባ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል የሐሚዳን ፊት አየችና ዋጠችው። ከወንበሩ ተነሥታ እጇን ያዘቻት። «እትዬ ሐሚዳ፣ የእርስዎን አይደለም! የሚጭንልን ድረ ገጽ የራሱ መታወቂያ አለው፤ የሱን ነው የሚለው። ማንም ስለ እርስዎ አልጠየቀም። እኔም ለማንም አልናገርም፣ ፕሮሚስ።» ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመልሳ ግንባሯን ቋጠረች። «ብቻ ይገርማል። መታወቂያው ገና ነው፣ የሚጀምርበት ቀን አልደረሰም ነው የሚለው። እንዴት አልደረሰም?»

ሐሚዳ ይህን የመጨረሻውን አልሰማችም። ነፍሷ ገና ወደ ቦታዋ እየተመለሰች ነበር። ደግሞም በመስኮቱ አንዲት እናት «ኧረ እህቴ፣ ልጄ እያለቀሰ ነው!» እያለች ትጠራለች። ሄደች። ካርድ ልታወጣ መሳቢያውን ሳበች፤ የሌላ ልጅ ካርድ ሰጠች፤ እናቲቱ መለሰችላት። ስለ ወረቀቱ አሁን አንድ ሰው ያውቃል። ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት፣ አትናገርም። ብትናገርስ? ለምን ለፈለፍኩ? አፌን ምን ከፈተው? ራሷን ትረግማለች፣ ካርድ ትፈልጋለች፣ ከበላያቸው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል።

ያኔ ከኋላዋ የሣባ እልልታ መጣ።

«ገባ! ገባ! ቀኑ ነበር ችግሩ! እትዬ ሐሚዳ፣ ይሄ ኮምፒውተር 2018 ላይ ነበር እኮ! ሰባት ዓመት ተኝቷል! አስተካከልኩት፤ አሁን ፕሮግራሙን ልክፈተውና...»

ካርዶቹ ከሐሚዳ እጅ ተበተኑ። ከመስኮቱ እስከ ወንበሩ አምስት እርምጃ ነው፤ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። የሣባን እጅ ከነማውሱ ጠረጴዛው ላይ ደፍጥጣ ያዘችው።

«አትክፈቺው!»

ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው። መስኮቱ ላይ ያለው ሕፃን ልቅሶውን አቆመ። ሲስተር ኣብርሀት ከክትባት ክፍል ብቅ አለች፣ ዶክተር ኣርያም ከቢሯቸው ወጡ። ሐሚዳ የስክሪኑን ጥግ አየች፤ 12/10/2025 ይላል። ፕሮግራሙ ገና ዝግ ነው። ቀስቱ ግን የፕሮግራሙ ምልክት ላይ ቆሟል፤ አንዲት ጣት ብትነካው አለቀ።

«ሐሚዳ፣ ምን ሆነሻል?» አሉ ዶክተር።

ዝም ብትል ይሻላት ነበር? ቀኑን መልሳ፣ «ምንም አይደለም፣ ደንግጬ ነው» ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። አሰበችውም፤ አፏ ድረስ መጣላት። ነገር ግን ሣባ ነገ ደግሞ ታስተካክለዋለች፤ እሷ ምሳ ስትወጣ፣ ለሶላት ስትሄድ፣ ማንም ሳይኖር። መዝገቡን የገለበጠችበት ፍላሽ የጳጉሜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለዱት እዚያ ውስጥ የሉም።

«ቀኑን እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለች። እጇን ከሣባ እጅ ላይ አላነሣችም። «በአበሻ ነበር የሞላሁት። እናቶቹ የሚያውቁት እሱን ስለሆነ። የልጆቹም የልደት ቀን ሁሉ በአበሻ ነው የገባው። አሁን ማሽኑ በፈረንጅ ካየው ሁሉም ልጅ አምስት ዓመት አልፎታል። ከተከፈተ ሁሉንም ይመርቃቸዋል።»

«ይመርቃቸዋል?» አለች ሣባ።

«ይሰርዛቸዋል።»

ዶክተር ኣርያም ከሲስተር ጋር ገብተው በሩን ዘጉ። ይህን ሲያደርጉ ሐሚዳ አይታቸው አታውቅም። «ስንት ዓመት ነው እንዲህ የኖርነው?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማስተካከል ስላልቻልኩ አፍሬ ነው» አለች ሐሚዳ፤ እንባዋ መጣ። «አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ ስል፣ ስል።»

ሣባ ቀስ ብላ ቀስቱን ከምልክቱ ላይ አራቀችው። «ፕሮግራሙን ሳንከፍት ኮዱንና መዝገቡን እናስነብበው» አለች። ጥቁሩ መስኮት ውስጥ ጻፈች። ረዳቱ አጫጭር መስመሮች እየደረደረ የፋይሎቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራ ጀመር። ሐሚዳ የምታውቃቸው ስሞች ናቸው፤ ራሷ ያወጣቻቸው። ሰው አይቶት የማያውቀውን የልብስ ሣጥኗን ሲበረብሩባት ያህል አፈረች። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሣባ መልሱን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች።

«‹ምረቃ› የሚለው ክፍል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት ያለፈ መዝገቦችን ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ቅጂ ይሰርዛል። በዛሬው ቀን ቢከፈት» አለችና ቁጥሩን በጣቷ ተከተለች፣ «ከአራት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ልጆች አራት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለቱ ይሰረዛሉ ይላል።»

ሲስተር ኣብርሀት አፏን ያዘች። ዶክተር ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መፍትሔም አለው» አለች ሣባ ፈጠን ብላ። «መጀመሪያ ቅጂ እወስዳለሁ ይላል። ምረቃን አቆመዋለሁ ይላል። ከዚያ በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዐሥር ቀን ስለሆነ፣ የሁሉንም የልደት ቀን በዚያ ልክ ወደፊት ልግፋው ይላል። እሺ ልበለው?»

«ቅጂውንና ማቆሙን እሺ በይው» አለች ሐሚዳ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «መግፋቱን ግን አይሆንም በይው።»

«ለምን? ሂሳቡ ልክ ነው እኮ።»

«ለዛሬ ልክ ነው። ወራችንና ወራቸው እኩል አይደለም፤ እኔም በየወሩ ስጎትተው ነው የኖርኩት። አንዱን ልጅ በትክክል ያገኘዋል፣ ሌላውን እስከ አራት ቀን ድረስ ይስተዋል። ቀኑ ሳይሞላ ክትባት ሊሰጥ ነው? ወር አንድን መስከረም፣ ወር ሁለትን ጥቅምት ብሎ እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻው ይቁጠር። እንደዛ ብለሽ ጻፊለት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ከዚያም በኋላ አርባ አንዱ ይሳሳቱበታል።»

«የትኞቹ አርባ አንድ?» አሉ ዶክተር።

ሐሚዳ ከመሳቢያው ሥር ሰማያዊውን ደብተር አወጣች። አልሰጠቻቸውም፤ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ሥራው እስከ ስምንት ሰዓት ቆየ። ሣባ ትጽፋለች፣ ረዳቱ ይጠይቃል፣ ሐሚዳ ትመልሳለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ይህ ቁጥር ለምን እዚህ ገባ? ይህ ስም ምን ማለት ነው? አንዳንዱን ረስታዋለች፣ አንዳንዱን እያፈረች ትናገራለች። በየመሐሉ ልቧ ይሰቀላል፤ አሁን አንድ ነገር ይጫንና ሁሉም ይጠፋል ትላለች። በመጨረሻ የዐሥር ልጆችን ቀን ከወረቀት ካርዳቸው ጋር አስተያየች። ዐሥሩም ልክ ነው። ጳጉሜንም ማሽኑ ተቀበለ፤ የደብተሩን ልጆች እውነተኛ ቀን አንድ በአንድ በእጇ አስገባች።

«ኦ፣ የረዳቱ አዲስ ቨርዥን ወጥቷል ይላል» አለች ሣባ ያኔ። «አፕዴት ላድርገው።»

«አሁን? ምን ይሆናል?»

«ይዘጋል፣ ይታደሳል፣ ይከፈታል። በቃ።»

«የነገርኩትንስ? ጠዋት ሙሉ የነገርኩትን?»

ሣባ እጇ አየር ላይ ቀረ። «እውነትዎን ነው። አዲስ ሲከፈት ያወራነውን አያስታውስም። ግን ሥራ ሲጀምር ሁሌ መጀመሪያ የሚያነበው የመመሪያ ፋይል አለ፤ እዚያ ላይ እንጻፍለት። እርስዎ ይጻፉ፤ አማርኛ ያነባል።»

ሐሚዳ በወንበሯ ተቀመጠች። በሁለት ጣት፣ ቀስ እያለች ጻፈች። «በዚህ መዝገብ እስከ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ድረስ ያለው የድሮ ቅጂ ሁሉ በአበሻ ቀን ነው። እንዳትነካው። ምረቃ ማለት መሰረዝ ነው። ማንንም ልጅ ሳትጠይቀኝ እንዳትመርቅ። ሐሚዳ ነኝ።» ሣባ የማደሻውን ትእዛዝ ሰጠች። ጥቁሩ መስኮት ባዶ ሆነ፤ አንዲት ጭረት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሐሚዳ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ እዚያ ባዶ ውስጥ ገብቶ የቀረ መሰላት። ከዚያ ተመለሰ። ሣባ ስለ ምረቃ ጠየቀችው። ረዳቱ በአማርኛ መለሰ፤ መሰረዝ ማለት እንደሆነ፣ ከመንካቱ በፊትም ሐሚዳን መጠየቅ እንዳለበት። ሐሚዳ እጇን ጭኗ መሐል ሸጎጠችው።

ዐሥር ሰዓት ላይ ዶክተር ኣርያም የሐሚዳን የሠራተኛ ማኅደር ይዘው መጡ። ማኅደሩ ቀጭን ነው፤ የቅጥር ፎርሙና ሁለት ጉርድ ፎቶ።

«ነገ የሚባል ወረቀት የለም፣ አይደል?»

ሐሚዳ ወደ ሣባ አላየችም። «የለኝም ዶክተር። አልጨረስኩም።»

«ደብተሩን ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ዶክተር መነጽራቸውን አድርገው ገለጡት። ስም፣ እውነተኛው የልደት ቀን፣ የእናት ስልክ፣ የተደወለበት ቀን፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቀለም። አንድ ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ። ቆየ።

«ዮሃና» አሉ። «ይቺ የኔ የልጅ ልጅ ናት።»

«አዎ። ጳጉሜ ሦስት።»

«ልጄ ሁሌ ትለኛለች፤ ያንቺ ክሊኒክ ፕሮግራም ይገርማል፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያሳልፍ በጠዋት ይደወልልኛል ትለኛለች። ለኢምፔሪያሉ ቅርንጫፍም ፕሮግራሙ ይግባ ያልኩት በዚህ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ማሽኑ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያም ደብተሩን ዘግተው መለሱላት።

«ኮፒ አድርጊና ማኅደርሽ ውስጥ አስገቢው፤ ማስረጃ በሚለው ቦታ። ሰኞ የማሳያቸው ይሄን ነው። ምን እንደሚሉ አላውቅም ሐሚዳ፤ አልዋሽሽም። ይበቃል ላይሉም ይችላሉ። እኔ ግን ሌላ ሰው እዚህ ወንበር ላይ አላስቀምጥም ብዬ እነግራቸዋለሁ።» በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ። «ሽፋኑንም ኮፒ አድርጊው። ስምሽም የለበትም፤ ጻፊበት።»

ሐሚዳ ኮፒ ማድረጊያው ማሽን ፊት ቆመች። ሰኞ አራት ቀን ሙሉ ይቀረዋል፤ አራቱንም ቀን እንቅልፍ እንደማይወስዳት ታውቃለች። እስክሪብቶ ከኪሷ አወጣችና ደብተሩን በሽፋኑ በኩል አዞረችው። «ማሽኑ የማያውቃቸው» ይላል። ከሥሩ የራሷን ስም ከነአባቷ ጻፈችና ሽፋኑን መስታወቱ ላይ ደፍታ የኮፒ ማሽኑን ክዳን ዘጋች።